የፋይሉ አናት

መጋቢት 4

ይድረስ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። እማዬን ሳምልኝ። ዓይኗ እንዴት ሆነ?

ስልክ ለምን አታነሺም ላልከው፣ ተቀይሜህ አይደለም። ስልክ ላይ ታሸንፈኛለህ። ከልጅነታችን ጀምሮ አንተ አፍህን ከከፈትክ እኔ የማስበው ይጠፋኛል፤ መጨረሻ ላይ ይቅርታ ጠያቂዋ እኔው እሆንና እዘጋዋለሁ። በጽሑፍ ግን እኩል ነን። ስለዚህ እባክህ ጻፍልኝ፣ እኔም እጽፋለሁ።

የመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ ለምን በስሜ እንደ መጣ ጠይቀሃል። ሥራዬን ታውቀዋለህ። ሰዎች ጽፈው ለሁሉም በነፃ የለቀቋቸውን ፕሮግራሞች እንሰበስባለን፣ እናጣራለን፣ ከዚያ ጠቅልለን ለሆስፒታሎች እንልካለን። አንድ ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም። ላይብረሪ የሚባሉ ሌሎች ትንንሽ ፕሮግራሞች ላይ ይደገፋል፣ እነሱም በተራቸው ሌሎች ላይ። እኛ ጥገኞች እንላቸዋለን። የእኔ ድርሻ እያንዳንዱን ጥገኛ ከፍቼ ማን ጻፈው፣ በምን ፈቃድ ለቀቀው ብዬ መጠየቅ ነው። የአንዷ ትንሽ ላይብረሪ ፈቃድ ከጎደለ ጥቅሉ እንዳለ ይቆማል።

አሁን በእጄ ያለው የሆስፒታል ካርድ ክፍል ፕሮግራም ነው። አርባ አንድ ጥገኞች አሉት። አርባውን ጨርሻለሁ። የቀረው የእናንተ ድርጅት የስም መፈለጊያ ነው፤ የበሽተኛው ስም በሃሌታው ሀ ይጻፍ በሐመሩ ሐ፣ ካርዱን ፈልጎ የሚያወጣው። ፋይሉ አናት ላይ «ጸሐፊ» ተብሎ ያንተ ስም አለ፣ ከሥሩ «ባለመብት» ተብሎ የድርጅታችሁ። ሌላ ስም የለም።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ይህን የጻፍከው አንተ ነህ? አዎ ወይ አይደለም በለኝ።

እኅትህ


መጋቢት 7

ለሚጣዬ፤

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። የእማዬ ግራ አይን ከቀዶ ጥገናው በኋላ በጣም ተሽሎታል። ትናንት መስኮት ስር ቁጭ ብላ ማዶ ያለችውን ጎረቤት ስትከታተል ዋለች። «ያቺ ሴትዮ መጋረጃዋን ካጠበች ሶስተኛ ወሯ ነው» ትላለች። ሀሜት ከጀመረች ድናለች ብዬ ሀኪሙን አመሰገንኩት።

ጥያቄሽ ግን ምን አይነት ጥያቄ ነው? ፋይሉ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ? አናቱን አንብበሽ ስራሽን ስሪ፤ ሁልጊዜ የምታደርጊው እሱን አይደል? የፈቃድ ደብዳቤውን ስራ አስኪያጁ ይፈርምልሻል። እኔ እነግረዋለሁ፣ ሳምንት አይፈጅም።

ደግሞ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የኔታ ካረፈ ገና ሁለት አመት አልሞላውም። ባልሽ ጥሩ ሰው ነበር። የሰው ፊደል ሲያርም ነበር የሚውለው፤ መስሪያ ቤቱ በሙሉ «የኔታ» እያለ ሲቀልድበት ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነበር። እኔ ነኝ እዚህ ያስገባሁት። ሲሰናበትም ከኔ በላይ ያዘነ የለም። የድርጅቱን ኮድ በራሱ ስም ለህዝብ ለቀቀ ተባለ፣ ተሰናበተ፣ ነገሩ ያኔ አለቀ። አሁን እሱን መቀስቀስ ለማን ይጠቅማል?

ለመሆኑ ምን ይዘሽ ነው? ለሌላ ሰውስ ነግረሻል? ተይ አትጻፊ፣ ደውይልኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 11

ለጋሼ፤

አልደውልም። ለማንም አልነገርኩም። አለቃዬን «የቀረ ማጣሪያ አለ» ብቻ ነው ያልኳት። የእማዬን ዓይን በመስማቴ ደስ ብሎኛል።

ምን ይዘሽ ነው ላልከው፣ ይኸው። አናቱን አልፌ ወደ ታች ወረድኩ። እኛ ሙያ ውስጥ ይህ አልተለመደም። በቀን መቶ ፋይል የሚከፍት ሰው ከላይ ያሉትን ሦስት መስመሮች አንብቦ ነው የሚዘጋው። አርባ ሰባተኛው መስመር ላይ ለአንባቢ የተተወች ማስታወሻ አለች። «እዚህ ላይ የሠራሁት ሥራ አያምርም፤ ግን ይሠራል» ትላለች። ሦስቱም በንጉሡ ሠ ነው የተጻፉት። አንተ ዕድሜ ልክህን ንጉሡን ሠ ነክተህ አታውቅም። ባለፈው ደብዳቤህ «ስራ» ያልከውን ቁጠረው። በዚህ ጉዳይ ምሳ ላይ ከባሌ ጋር ስትነታረኩ ስንት ጊዜ ሰምቻችኋለሁ። ሌላው ሰው በፊደል እንዳይጉላላ ብሎ ሁሉንም እኩል የሚያደርግ ላይብረሪ ጻፈ፣ እሱ ራሱ ግን አንድም ቀን አልሳታትም።

ከዚያ ከቁም ሣጥኑ አሮጌ ላፕቶፑን አወጣሁት። ባትሪው ሞቷል፤ ገመድ ተውሼ ነው ያስነሣሁት። የመጀመሪያው እትም እዚያ አለ። የተጻፈበት ቀን እናንተ ዘንድ ከመቀጠሩ ከዓመት በፊት ነው። አናቱ ላይ ስሙ ከነአባቱ አለ። ከሥሩ ፈቃዱ አለ። ማንም ይጠቀምበት፣ ይቀይረው፣ ለሌላም ይስጠው፤ ስሜን ግን አታጥፉ፣ ከዚህ የሠራችሁትንም እንዲሁ ክፍት አድርጋችሁ ልቀቁት። የጠየቀው ይኸንኑ ነው።

አንድ ሌላ አንቀጽም አለው። ይህን የጣሰ ሰው የመጠቀም ፈቃዱን ያጣል። ባለመብቱ ካሳወቀው በኋላ በሠላሳ ቀን ካስተካከለና የመጀመሪያ ጥፋቱ ከሆነ ግን ፈቃዱ ይመለስለታል። ባለመብቱ ሞቷል፣ ወራሹ እኔ ነኝ። ማሳወቂያውን ፈርሜ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ሠላሳው ቀን ሚያዝያ 11 ይሞላል።

የምፈልገው ግልጽ ነው። ስሙ ወደ ቦታው ይመለስ። ድርጅቱ «ሰረቀ» ብሎ የጻፈበትን ክስ ያንሣ። አንተም ጸሐፊው እሱ መሆኑን በፊርማህ ጻፍ። ሌባ እየተባለ ነው የተቀበረው፣ ጋሼ። ያን ቀን ሬሳ ሣጥኑን በቀኝ በኩል የያዝከው አንተ ነበርክ።

እኅትህ


መጋቢት 18

ሚጣ፤

ወረቀትሽ ደርሶኛል። ለወንድምሽ ማሳወቂያ ትልኪያለሽ? ከነቀኑና ከነፊርማው?

እስቲ ቀስ ብለሽ አስቢው። ይሄ ነገር ከወጣ እኔ እዚህ አንድ ቀን አልቆይም። ሀምሳ ሁለት አመቴ ነው፤ በዚህ እድሜ ማን ይቀጥረኛል? እማዬስ? ሀኪሙ እንዳትናደድ ብሏል። ባሏን የቀበረችው ልጅሽ ወንድሟን ደግሞ ልትቀብር ተነሳች ብዬ ልንገራት?

አንድ መላ አለኝ፣ ስሚኝ። ላይብረሪው ሁለት መቶ መስመር ነው። ጣይው። እኔ ራሴ ከባዶ ተነስቼ አዲስ እጽፍልሻለሁ፣ በሳምንት ያልቃል። ካንዱም መስመር ጋር አይነካካም። ጥቅልሽ ይሄዳል፣ ሆስፒታሎቹም ካርዳቸውን ያገኛሉ፣ ማንም አይጎዳም። ያ ካልሆነ ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ያገኘሽውን የድሮውን እትም ለምን አትጠቀልይውም? እኔን ምን አድርግ ነው የምትይኝ?

ደግሞስ የኔ እህትና የሱ ሚስት መሆንሽን አለቃሽ ታውቃለች? በራስሽ ጉዳይ ዳኛ ሆነሽ መቀመጥሽን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን? ለራስሽ ብዬ ነው።

ያን ያህል መታመሙንስ ለምን አልነገርሽኝም? ብትነግሪኝ ኖሮ እመጣ ነበር።

ወንድምሽ


መጋቢት 20

ለጋሼ፤

ማስፈራራትህ ደርሶኛል። ባታስፈራራኝ ይሻል ነበር፤ ግን ልክ ነህ። ዛሬ ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ሚስቱም እኅትህም መሆኔን ነገርኳት። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ወረቀቶቹን ተቀብላኝ ለሌላ ባልደረባ ሰጠች። ሁለቱን እትሞች መስመር በመስመር አስተያይቶ ከሰዓት በኋላ መለሳቸው። አንድ ናቸው አለ። አናታቸው ብቻ ነው የሚለያየው።

የድሮውን እትም ለምን አትጠቀልይውም ላልከው፣ ድርጅታችሁ «የተሰረቀ ንብረት» ብሎ በጽሑፍ ከሶታል። ያ ክስ እስካልተነሣ ድረስ የትኛውም መሥሪያ ቤት በእጁ አይነካውም። ክሱ ላይ ምስክር ተብሎ የተጠቀሰው አንተ ነህ። ስለዚህ ካንተ ሌላ የምሄድበት የለኝም።

አዲስ እጽፍልሻለሁ ላልከው፣ አለቃዬም ያንኑ ነው ያለችው። እስከ ሚያዝያ 11 ልትጠብቀኝ ተስማምታለች፤ ካለፈ ላይብረሪው ይጣላል፣ በሌላ ይተካል። ቀላል ነው። ቀላል መሆኑ ነው ያስፈራኝ። ከተተካ ሁሉም ሰው ይተርፋል፣ የእሱ ስም ግን የትም አይኖርም። ልጅ አልወለድንም። ቤትም አልሠራም። በዚህ ዓለም ላይ ትቶት የሄደው ነገር ሁለት መቶ መስመር ነው፣ እሱም ያንተን ስም ተሸክሟል።

ሕመሙን ለምን አልነገርሽኝም ብለሃል። እኔም አላውቅም ነበር። ከእናንተ ከወጣ በኋላ ስምንት ቦታ አመለከተ። የመጨረሻው ቦታ ጠያቂው ማመልከቻውን አይቶ «አንተ ነህ እንዴ ያ ሰውዬ?» አለው። ከዚያ በኋላ ማመልከት ተወ። የደም ግፊት መድኃኒቱንም መዋጥ መተዉን ያወቅሁት ከቀብሩ በኋላ ነው። ካፖርቱን ለሰው ልሰጥ ኪሱን ስፈትሽ ያልተከፈቱ ሦስት እሽጎች አገኘሁ። ካፖርቱን አልሰጠሁትም።

እኅትህ


መጋቢት 29

ሚጣ፤

ሶስት ጊዜ ጽፌ ሶስት ጊዜ አጠፋሁት። ይሄን ሳልደግም እልከዋለሁ፣ የተሳሳተ ካለ እለፊው።

ስሙን አውቄ አላጠፋሁትም። በመጀመሪያ ማለቴ ነው። ላይብረሪውን ራሱ ነው በፍላሽ ያመጣልኝ፤ «ውሰደው፣ ይጠቅምሀል» ብሎ። በዚያው ሰሞን ስራ አስኪያጁ ጎብኚ ስለሚመጣ እያንዳንዱ ፋይል አናት ላይ የድርጅቱ ስም ይኑር አለ። ሶስት መቶ ፋይል ነው። አንድ በአንድ ማን ይነካል? ከየፋይሉ አናት ላይ ያለውን ቆርጣ የኛን የምትለጥፍ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። «ጸሀፊ» የሚለው ቦታ ላይ የራሴን ስም አስገባሁ፣ ያስኬድኳት እኔ ስለነበርኩ እንጂ ሌላ ነገር አስቤ አልነበረም። ሻዬን ሳልጨርስ ሶስት መቶውም አለቀ። የየኔታ ፋይል አብሮ ሄደ።

ያወቅሁት በሳምንቱ ነው። ነገ አስተካክለዋለሁ አልኩ። በነጋታው ስራ አስኪያጁ ጎብኚዎቹን ይዞ መጣ፣ ያንኑ ላይብረሪ አሳያቸውና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «የሱ ስራ ነው» አላቸው። እኔም ቆሜ ፈገግ አልኩ። ከዚያ በኋላ ነገ የምትባለዋ ቀን አልመጣችም።

የኔታ አየው። ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ድምጹን ዝቅ አድርጎ «ስሜ ወድቋል፣ አንሳልኝ» አለኝ። እሺ አልኩት። ወር ሙሉ እሺ ስለው ከረምኩ። ሲሰለቸው የራሱን የድሮውን እትም ኢንተርኔት ላይ መልሶ ለቀቀው። ድርጅቱም ኮዳችን ተሰረቀ ብሎ ተነሳ።

ስብሰባው ላይ አምስት ነበርን። ስራ አስኪያጁ ወደኔ ዞሮ «ይሄን ማን ነው የጻፈው?» አለኝ። «ፋይሉ ላይ ያለው የኔ ስም ነው» አልኩ። ቃሉ እንዲህ ነው። ውሸት አልተናገርኩም ብዬ ስንት ጊዜ ለራሴ ነግሬዋለሁ። የኔታ አየኝ። ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮህብኝ፣ ቢሰድበኝ፣ እዚያው አምንለት ነበር፤ ወይም እንደዚያ ይመስለኛል። ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። ያንቺ ባል መሆኑ ይመስለኛል ዝም ያሰኘው።

ሬሳ ሳጥኑን ስለያዝኩበት የጻፍሽውን አንብቤ ልብሴን ሳላወልቅ ተኝቼ ዋልኩ። እማዬ ጉንፋን ነው ብላ ታስባለች።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ስለኔ ምን ይልሽ ነበር? ስምንት ወር ቤት ሲቀመጥ መቼም ሳያነሳኝ አልቀረም። ሰድቦኝም ከሆነ ንገሪኝ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 1

ለጋሼ፤

አነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ለእኔ መናዘዝህ ፋይሉን አያስተካክለውም። ለእኔ የጻፍከውን ለሥራ አስኪያጁ ጻፈው፤ ስብሰባው ላይ ያልከውን ቃል ጭምር። ዐሥር ቀን ቀርቶሃል። ከዚያ ወዲያ እኔም ብፈልግ ምንም ማድረግ አልችልም፤ አለቃዬ ላይብረሪውን ትጥለዋለች።

ስለ አንተ ምን ይል እንደ ነበር አሁን አልነግርህም። ክፋት አይደለም። መልሱን ሰምተህ ወይ ደስ ብሎህ ወይ ከፍቶህ የምታደርገው ነገር እንዲሆን አልፈልግም። እሱ የጠየቀህን ስለ ጠየቀህ ብቻ አድርገው።

ጉንፋን ነው ብላ ካሰበች እማዬ ሾርባ እየሠራች ታስጨንቅሃለች። ጠጣላት።

እኅትህ


ሚያዝያ 9

ሚጣ፤

አድርጌዋለሁ።

ሰኞ እለት ለስራ አስኪያጁ ሁሉንም ጽፌ ሰጠሁት። እስኪጨርስ ፊት ለፊቱ ቆሜ ነበር። «ይሄን ሁሉ አመት ስታስበው ነበር?» አለኝ። የድርጅቱ ጠበቃ ማክሰኞ መጣች፤ ያንቺን ማሳወቂያ አንብባ «ቀኑ ሳያልፍ አስተካክሉ፣ ካለፈ የምትከራከሩበት ነገር የላችሁም» አለቻቸው። ለየኔታ ብለው አይደለም ያደረጉት፤ እሱን እንድታውቂው ብዬ ነው። ያም ሆነ ይህ ስሙ ገብቷል፣ ኮዱም ክፍት ሆኖ ተለቋል። ክሱን ያነሱበት ደብዳቤ ከዚህ ጋር አለ። የኔ ፊርማም ከስሩ አለ። ፋይሉ አናት ላይ ስሙን ያስገባሁት በገዛ እጄ ነው፤ ያባቱ ስም ላይ ያለውን ፊደል እንዳልሳሳት ከቀብሩ ወረቀት አይቼ ነው የጻፍኩት።

እሮብ እቃዬን በካርቶን ይዤ ወጣሁ። ሀያ አመት የሰራሁበት ቤት አንድ ካርቶን አልሞላም። ዘበኛው «እረፍት ወጡ እንዴ?» አለኝ፣ አዎ አልኩት። እማዬም በቀን ቤት ምን ትሰራለህ እያለች ትጠይቀኛለች። እስካሁን እረፍት ነው እያልኳት ነው።

ይቅር በይኝ እህቴ። የምለው ሌላ የለኝም። እዚህ መጥተሽ እማዬን የምታያት መቼ ነው? አንድ ላይ ብንሆን ይሻለኛል። ያን ጥያቄዬንም አልመለሽልኝም።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 11

ለጋሼ፤

ሰላም ለአንተ። ወረቀቶቹ ደርሰውኛል። ስሙን አየሁት፤ ፊደሉ ልክ ነው።

ፈቃዱ ለድርጅታችሁ ተመልሷል። በወራሽነት የፈረምኩት እኔ ነኝ። ስፈርም እጄ እንቢ ብሎኝ ነበር፤ ያንን ሁሉ ያደረጉበት ሰዎች ነገም ይጠቀሙበታል። ግን ማንም ይጠቀምበት ብሎ የጻፈው እሱ ነው፣ ከእነ እገሌ በቀር አላለም። ጥቅሉ ዛሬ ጠዋት ወጥቷል። አለቃዬ ሳልጠይቃት ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ሰጠችኝ፤ የምሄድበት ስለሌለ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፍልህ።

አሁን የጠየቅኸኝን ልመልስልህ።

በተሰናበተ ማግሥት ሥራ ልሄድ ለብሼ በር ላይ ቆሜ ነበር። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። «እውነት ሰርቀሃል?» አልኩት። ባሌን እንዲህ ብዬ ጠየቅሁት። አልተቆጣም። «ወንድምሽን ጠይቂው፣ እሱ አንቺን አይዋሽሽም» አለኝ። ስለ አንተ ያለው ይኸንን ብቻ ነው። በኋላም ክፉ ቃል ከአፉ አልሰማሁም።

እኔ ግን አልጠየቅሁህም። ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ይልቅ ቢሮዬ ገብቼ ያንን ፋይል ከፈትኩት። አዎ፣ ያኔውኑ። እንደ ሁልጊዜዬ ከላይ ያሉትን ሦስት መስመሮች አነበብኩ፣ ያንተ ስም ነበር፣ ዘጋሁት። ማታ ቤት ገብቼ ሹራቤን ሳላወልቅ «አየሁት፣ ስምህ የለበትም» አልኩት። «እሺ» አለኝ። ጋሼ፣ ስምንት ወር ሙሉ ስለዚህ ነገር ከዚያች «እሺ» በቀር አንዲት ቃል አልተነፈሰም። መድኃኒቱን የተወው ያንተ ስብሰባ ቀን ይሁን የእኔ ማታ፣ አላውቅም። እሽጎቹ ላይ ያለውን ቀን ቆጥሬ ለማወቅ ሞክሬ ነበር፣ ተውኩት።

ስለዚህ ይቅር በይኝ ስትለኝ ምን ብዬ እንደምመልስልህ ጨንቆኛል። ይቅር ማለት የምችለው እኔ ብሆን ኖሮ እልህ ነበር። እኔም ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አጥቼ ተቀምጫለሁ።

እማዬ ዘንድ አሁን አልመጣም። ከሥራ ለምን እንደ ወጣህ ንገራት፤ ስትጨርስ የእኔንም ንገርልኝ።

እኅትህ